እንዲበጠስ የተፈተለ ክር

ባለፈው ሳምንት የባላምባራስ ወንድይራድ ተዝካር ነበር። ድንኳኑ ሰፊ፣ ጠላው የጠራ፣ ሥጋው የሰባ ነበር፤ በዚህ በኩል ልጆቻቸውን የምወቅስበት ነገር የለኝም። ከአሮጊቶቹ ጋር በምሰሶው ጥግ ተቀምጬ የቀረበልኝን ስበላ፣ ከሰማይ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ድምፅ መጣ። አውሮፕላን ነው። ካህናቱ ሳይቀሩ ዋንጫቸውን እንደያዙ ወጥተው አንገታቸውን አቀኑ። በደብረ ብርሃን ላይ አልፎ በሰሜን በኩል እስኪጠፋ አየነውና ተመልሰን ተቀመጥን።

ያን ጊዜ የሟቹ የወንድም ልጅ ብድግ አለ። "ይህ ምን ይገርማል!" አለ። "የእኛ ባላምባራስ ይህ ብረት ሳይፈጠር በዚሁ ሜዳ ላይ በፈረሳቸው ጎትተው ሰው አብርረዋል። ሰውየው አንኮበር ድረስ ይደርስ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ በገመዱ የሴት ክር ገብቶበት ተበጠሰ!"

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። የሚያውቁኝ ዞር ብለው አዩኝ። ያች ክር በጣሿ እታገኝ የሚሏት እኔ ነኝ። እኔም ሳቅሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስቄ ዝም ብያለሁ።

የሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ ብወቅሳቸው የሚሰማኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ ሹመት ስላልነበራቸው አንቱታውን ለተዝካራቸው ትቼ "እሱ" እላቸዋለሁ።

የንጉሡ ሠፈር ወደ እንጦጦ መሄድ የጀመረበት ዘመን ነበር፤ እኛ ግን ገና አንኮበር ነበርን። አባቴ ቄስ ነበሩ። ወንድሜን ደስታን ፊደል ሲያስቆጥሩት እኔ ከኋላ ተቀምጬ እንዝርት እያሾርሁ ስሰማ፣ እሱ ሁለት ጊዜ የሚነገረውን እኔ በአንድ ጊዜ ያዝሁት። አባቴ ይህን ሲያዩ ሳቁና እኔንም አስተማሩኝ። ደስታ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ቅኔውን ጀምሮ ተወውና ለአንድ የንጉሡ ፊታውራሪ ድንኳን ተካይ ሆኖ ገባ።

አንኮበርን የሚያውቅ ያውቃል፤ ደጃፍህ ላይ ቆመህ ከእግርህ ሥር አሞራ ሲበር የምታይበት አገር ነው። ጧት ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ይቆይና ፀሐይ ሲነካው ይነሣል፤ ከዚያ ጆፌ አሞራዎቹ ክንፋቸውን ዘርግተው አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግቡ ሽቅብ ይወጣሉ። ደስታ ይህን ሲያይ ቁርሱን ይረሳ ነበር። የተወውን በሶ የምበላው እኔ ስለነበርሁ አሞራዎቹን እወዳቸው ነበር።

አንድ ቀን የፊታውራሪው ድንኳን ሲተከል ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ሸራው ተነፋ፤ ገመዱን የያዘው ደስታ ከምድር ተነሥቶ ከሰው ራስ በላይ ተንጠለጠለና ወደቀ። የፊት ጥርሱ ተሸርፎ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ እየሳቀ ቤት ገባ።

"እታገኝ፣ አየሽ" አለኝ፤ "ያነሣኝ ነፋሱ ብቻ አይደለም። እኔ ገመዱን ስይዘው ነው ሸራው የተነሣው። ብለቀው ኖሮ እንደ ቅጠል ተንከባሎ ይሄድ ነበር። ነፋስ በሌለበት ቀንም አንድ ሰው በገመድ ይዞ ቢሮጥ...።"

"ሰው አይችልህም" አልሁት።

"ፈረስስ?"

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ወንድይራድ የሚባል ሰው ገና አልታሰበም ነበር።

ክንፉን ለመሥራት ቀርከሃና አቡጀዲ ያስፈልግ ነበር። ለአቡጀዲው አልዩ አምባ ገበያ ወረድን። ከቤታችን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን ተነሣን፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ግን ሁሉንም አውልቀን በአህያው ላይ ጭነን፣ ሸንኮራ እየመጠጥን ገባን። ጨርቅ የሚሸጠው ሽማግሌ ደስታ የጠየቀውን ክንድ ሲሰማ እጁን ከጨርቁ ላይ አነሣ።

"ሱብሃነላህ! ልጄ፣ ወረርሽኝ ገባ እንዴ? ይህ ለስንት ሬሳ መግነዣ ነው?"

"ለአንድ ሕያው ሰው ነው፣ አባባ" አለ ደስታ።

"እንግዲያው በጣም ወፍራም ሰው ነው" አሉ ሽማግሌው፤ አንድ ክንድ መርቀው ለኩለት።

ስፌቱን እኔና ደስታ ሠራነው። በየጎኑ ስምንት ክንድ የሚሆን ክንፍ ወጣው። በመካከሉ ደስታ ብብቱን አስደግፎ የሚንጠለጠልበት ሁለት እንጨት ነበረ። ስሙን "አሞራው" አልነው። አንኮበር እንኳን ለፈረስ ግልቢያ ለዶሮ መሮጫም የሚሆን ሜዳ ስለሌላት አሞራውን አጣጥፈን፣ በአራት ሰው ትከሻ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰድነው። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በትከሻ ሲሄድ ያየ መንገደኛ ሁሉ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። አንዲት ሴትዮማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች። ደስታ ከኋላ ሆኖ "እማማ፣ የሚለቀስለት እኔ ነኝ፤ ገና አልሞትሁም" ሲላት ድንጋይ አነሣችበት።

ፊታውራሪው ነገሩን ወደዱት። ፈረሰኛ ስጡን ስንል የዘመዳቸውን ልጅ ወንድይራድን ሰጡን። በጉግስ የሚያህለው አልነበረም፤ ቦራ የሚባለው ፈረሱም እንዲሁ። መልከ መልካም ነበር፤ ይህን አልደብቅም። እሱም አይደብቀውም ነበር።

ሰው እንደሚመስለው መጎተት ቀላል ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ፈረሱ ሲነሣ የአሞራው ግራ ክንፍ ሣሩን ነካ። ሣር የነካ ክንፍ ባለበት ይቀራል፤ ሌላው ወደፊት ይሄዳል። አሞራው እንደ እንዝርት ዞረና ደስታን በአፍንጫው ደፋው። ከዚያ ወዲያ የግራውን ክንፍ ጫፍ ይዤ አብሬ እየሮጥሁ፣ አየር ሲይዘው የምለቀው እኔ ሆንሁ። የቀኙን አንድ ድንኳን ተካይ የደስታ ጓደኛ ያዘ። በሁለተኛው ቀን ገመዱ ረግቦ ሳለ ወንድይራድ ፈረሱን ኮለኮለው። የረገበ ገመድ ድንገት ሲወጠር በትር ነው፤ ደስታ ከእንጨቶቹ መካከል ተመንጭቆ ወጥቶ እንደ ከረጢት ተጎተተ። ከዚያ ወዲያ ፈረሱ በእርምጃ እንዲጀምር፣ ገመዱ ቀስ ብሎ እስኪወጠር እንዲጠበቅ ተስማማን። ወንድይራድ ወደ ኋላ ስለማያይ "ሂድ" እና "ቁም" የምለው እኔ እንድሆን ተባለ። "የሴት ትእዛዝ በፈረሴ አልሰማም" ብሎ ነበር፤ ፊታውራሪው ሲቆጡት ሰማ።

ያላማረኝ ገመዱ ነበር። ከወፍራም የበሬ ቆዳ የተገመደ ጠፍር ነው፤ አንድ ጫፉ ከወንድይራድ ኮርቻ ጋር ታስሯል፤ ሌላው ጫፉ ቀለበት ሆኖ ከአሞራው ጋር በትንሽ ካስማ ተያይዟል። ደስታ ከፍ ሲል ካስማውን ይነቅላል፤ ጠፍሩ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ ይንሳፈፋል። ይህ በከሰዓት ሲሞከር እንደ ቅቤ ይሠራ ነበር። ደብረ ብርሃን ግን የውርጭ አገር ነው። በታኅሣሥ ጧት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ጠፍሩ ሜዳ ላይ አድሮ ጧት ስነካው ውርጩን ጠጥቶ አብጦ ነበር። ካስማውን በእጄ ብስበው እንቢ አለ። በጥርሴ ያዝሁት፤ እንቢ አለ።

"ወንድይራድ" አልሁት፤ "ይህ ጧት አይነቀልም። ወንድሜ ሰማይ ላይ ሆኖ ቢጣበቅበትስ?"

"አንቺ ልጅ፣ ይህ የበሬ ቆዳ ነው። ሁለት በሬ ወዲህና ወዲያ ቢጎትቱት አይበጠስም።"

"እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።"

ሳቀብኝ። "ገመድ የሚመሰገነው ባለመበጠሱ ነው። ሂጂና እንዝርትሽን አሹሪ!"

ሄድሁና እንዝርቴን አሾርሁ።

እሱ የሜዳ ልጅ ስለሆነ የማያውቀው ነገር ነበር። በአንኮበር ገደል መንገድ ጭነት ስንወስድ አህያን ከአህያ በጠፍር አናስርም፤ በሣር ገመድ ነው የምናስረው። አንዷ ብትንሸራተት ገመዱ ይበጠሳል፤ እሷ ብቻ ትሄዳለች። በጠፍር ቢሆን ግን አንዷ ስድስቱን ይዛ ትወርዳለች። አባቴ "የሚበጠሰውን በቦታው፣ የማይበጠሰውን በቦታው" ይሉ ነበር።

ከበግ ጠጉር አንድ ክንድ የምትረዝም ገመድ ገመድሁ። ብዙ ብትጠና ጥቅም የላትም፤ ብዙ ብትደክም ደስታን ገና ከምድር ሳይነሣ ትጥለዋለች። ስለዚህ ከጽድ ቅርንጫፍ ላይ አሰርሁና ደስታን "ተንጠልጠል" አልሁት። ቻለችው። ሁለት ቁና ገብስ በስልቻ አስታቅፌ እንደገና አንጠለጠልሁት፤ ተበጠሰችና በቂጡ ወደቀ። ሦስት ጊዜ ገምጄ ሦስት ጊዜ ጣልሁት። ሦስቱም በአንድ ልክ ተበጠሱ።

"ቆይ" አለኝ ቂጡን እያሸ፤ "ከበሬ ቆዳ ይልቅ ያንቺ ክር ነው የሚታመን?"

"እንዲበጠስ የሚፈለገው ቦታ ላይ፣ አዎን።"

አሰበ፤ ከዚያ ሳቀ። "እሺ። ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ወንድይራድ ከሰማ ፈረሱን ይዞ ይሄዳል።"

አራተኛዋን ገመድሁ። በጥቀርሻና በቅቤ አሽቼ ጠፍር አስመሰልኋትና ከአሞራው አጠገብ፣ ከቀለበቱ ቀጥሎ አስገባኋት። ከወንድሜና ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም።

ፊታውራሪው የወሰኑት የገበያ ቀን ጧት ነበር። ከጫጫ በኩል ሳይቀር ሰው መጥቷል። ሴቶቹ የገብስ ቆሎ በመሶብ ይዘው፣ ጠላ በእንስራ ተሸክመው፣ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ነበር የመጡት። እናቴም በአዲስ ቀሚስ ከፊት ቆማለች። ሣሩ ከእግራችን በታች እየተንኮሻኮሸ፣ ከፈረሱ አፍንጫ እንፋሎት እየወጣ፣ ፀሐይዋ ገና ቢጫ ሆና ተሰለፍን። ደስታ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብርዱ ነው አለኝ፤ እኔም ብርዱ ነው አልሁት።

"ሂድ!" አልሁ።

ቦራ በእርምጃ ጀመረ። ጠፍሩ ቀስ ብሎ ተወጠረ። ከዚያ ሶምሶማ። የክንፉን ጫፍ ይዤ ሮጥሁ፤ ጨርቁ በጣቶቼ ውስጥ እንደ ሕያው ነገር ተንቀሳቀሰና ቀለለ። ለቀቅሁት። የደስታ እግሮች ሁለት ጊዜ ሣሩን ረገጡ፤ በሦስተኛው የሚረግጡት አጡ።

በሰው ቁመት ልክ ወጣ። ከዚያ በቤት ጣሪያ ልክ። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚሰማው የጨርቁ መርገብገብ ብቻ ነበር።

ከዚያ እናቴ እልል አለች።

የማን እናት ልጇ ሲበር አይታ ዝም ትላለች? ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። ማናችንም ያላሰብነው እዚህ ላይ ነበር። ቦራ የጉግስ ፈረስ ነው። በጥምቀትም በሠርግም እልልታ ሲሰማ ሽምጥ እንዲጋልብ ተምሯል። ጆሮውን አጥፎ እንደ ጥይት ወጣ።

አሞራው ሽቅብ ተምዘገዘገ። ጠፍሩ ወደ ኋላ መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ቆመ። ኮርቻው ከነወንድይራዱ ወደ ፈረሱ ቂጥ መንሸራተት ጀመረ፤ የቦራ የኋላ እግሮች መሬት ሊለቁ እስኪመስል ቀለሉ። ወንድይራድ "ቁም! ቁም!" ብሎ ጮኸ፤ እሱ ራሱ ሲጮህ ሰማሁት። ደስታ በሁለት እጁ ካስማውን ሲስብ ይታየኛል፤ ካስማው አብጦ ተጣብቋል። አንዴ አሞራው በጀርባው ከተገለበጠ ወንድሜ አልቆለታል፤ ፈረሰኛውም ከፈረሱ በታች ይቀራል።

"እልልታውን ተዉ! ስለ ማርያም ተዉ!" እያልሁ ወደ ሴቶቹ ሮጥሁ። ከሐሤት ብዛት ያበድሁ መስሏቸው ይበልጥ አቀለጡት።

ያን ጊዜ ተበጠሰች።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያህል። አሞራው አፍንጫውን ዝቅ አደረገ፤ ተንገዳገደ፤ ከዚያ ሚዛኑን ያዘ። እንደ አንኮበር ጆፌ አሞራዎች ክንፉን ዘርግቶ፣ ሳይቸኩል በሰው ራስ ላይ አለፈ። ጥላው በነጩ ውርጭ ላይ ሲሄድ ጥቁር በግ የሚመስል ነበር፤ ልጆች ሊይዙት ተከትለውት ሮጡ። ግማሹ ሰው ተንበርክኳል። ደስታ ከላይ ሆኖ የሚናገረውን ለመስማት ጆሮዬን ሰጠሁ፤ ምንም አይናገርም፤ ይስቅ ነበር። እንደሳቀ የበሬሳን ወንዝ ተሻግሮ በአንድ ገበሬ የጭድ ክምር ውስጥ ገባ።

ቦራስ? ድንገት ሸክሙ ሲቀልለት ወደፊት ዘለለ። ወንድይራድ በቂጡ ላይ ስለነበረ አልተከተለውም። በሬሳ ዳር ከብቶች የሚጠጡበት ጭቃ አለ፤ እሱ ውስጥ ተቀመጠ። ሲነሣ የሸክላ ሠሪ ሥራ ይመስል ነበር፤ ከነጭ ነገር ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ቀርቶታል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የዚያን ቀን ከነበረው ሐሤት ሁሉ ይህችን ክፍል ዛሬም ደጋግሜ አያታለሁ።

ወንድሜን በትከሻ ተሸክመው አመጡት። ጭድ ከጸጉሩ እየረገፈ ዘሎ አቀፈኝና በጆሮዬ "ክርሽ! ክርሽ!" አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ፊታውራሪው "ምን ሆኖ ነው የተበጠሰው?" ሲሉ ወንድይራድ ጭቃውን እየጠረገ የጠፍሩን ጫፍ አነሣ። ጠጉሩን አየ።

"ጌታዬ፣ ጉድ ይመልከቱ! ይህ የበግ ጠጉር ነው! የሴት ፈትል ገመዳችን ውስጥ ገብቷል! ይህ ባይሆን አንኮበር አድርሼው ነበር!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወደ ወንድሜ አየሁ። አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት ፊታውራሪው በርኖሳቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለት፤ አፉ ተዘጋ። እኔስ ምን ልበል? የጌታን ገመድ በጥቀርሻ ቀብታ የለወጠች ልጅ ነኝ ልበል? ዝም አልሁ። ለወንድይራድም ለወደቀበት ማካካሻ በቅሎ ተሰጠው።

ግን የዚያን ቀን ማን ሊያዝን ይችላል! ወንድሜ ሕያው ነበር። በግ ታረደ፤ ጠላው አለቀና ከጎረቤት መጣ፤ እስክስታ ስወርድ ውዬ ማታ እግሬን ጨው ባለው ውኃ ነከርሁት። ኑሮዬን ሙሉ ብዙ ሠርግ አይቻለሁ፣ የራሴን ጨምሮ፤ የዚያን ቀን ያህል የጨፈርሁበት የለም።

ስሙ ግን ቀረብኝ። "ክር በጣሿ" ተባልሁ። ለልጃቸው ሊያጩኝ የነበሩ አንዲት ሴትዮ "ፈትሏ የማይጠና ትዳሯ አይጠናም" ብለው ተመለሱ። ደግ አደረጉ፤ ልጃቸውን በኋላ አየሁት። ያገባኝ ሸማኔ ነው። ያችን የተበጠሰች ቁራጭ ከአንድ ልጅ እጅ ወስዶ በጣቱ ፈትቶ ካያት በኋላ "ይህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልክ የላላ ነው፤ ያላወቀች እጅ አልሠራችውም" ብሎ ሽማግሌ ላከ።

አሞራው ዳግመኛ አልበረረም። ፊታውራሪው ዘመቱ፤ አቡጀዲው ለወታደር ሱሪ ሆነ። ወንድይራድ እያረጀ ሲሄድ ታሪኩም አብሮት አደገ፤ በመጨረሻ ደስታ ከደመና በላይ ነበር። ጭቃው ግን ከታሪኩ ደረቀ። ወንድሜን አንድ ፋሲካ "የዚያን ቀን ለምን አልተናገርህም?" ብዬ ያዝሁት። ራሱን ደፍቶ "በርኖሱ ሞቀኝ፣ እታገኝ" አለ። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ መልስ ከሰው ሰምቼ ስለማላውቅ ይቅር አልሁት። ለመርሳት ግን አልተስማማሁም።

ደስታ ሽምግልናን ጠግቦ፣ በአልጋው ላይ፣ ሰባት ልጆቹ ከበውት ሞተ። ሰው ስለ ገመድ ሲናገር ጥንካሬውን ብቻ ያወራል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈትል የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ጠንካራ ክር መፍተል ማንም የሚለምደው ሥራ ነው። የሚበጠስበትን ሰዓት የሚያውቅ ክር መፍተል ግን ሌላ ነው፤ ምስጋናም የለውም፤ ሰው የሚያየው መበጠሱን ብቻ ነውና።

ትናንት የደስታ የልጅ ልጅ በተዝካሩ የተወራውን ሰምታ እየሳቀች ልትጠይቀኝ መጣች። ክርስትና ከተነሣች ገና ወሯ የሆነች ሕፃኗን ታቅፋለች።

"እማማ" አለችኝ፤ "አያቴ አንኮበር ሊደርስ ሲል ክሩን ለምን በጠስሽበት?"

ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀበልሁ። ገና ወተት ወተት ትሸታለች፤ ጣቴን ይዛ አለቅም አለች።

"ይችን ለማየት" አልኋት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ስለዚህ ዛሬ ጧት ተነሥቼ ይህን ጻፍሁ።